«ምን ማለትህ ነው?» ፍልስፍና መማር በእውነት ምን ይሰጣል?

አንድ ሰው ቀላሉን ነገር ሲያከብድብን «ባክህ አትፈላሰፍብኝ» እንለዋለን። ቃሉ አፋችን ላይ የተለመደው በዚህ ትርጉሙ ነው፣ መፈላሰፍ ማለት ነገር ማወሳሰብ፣ መሬት ያልነካ ወሬ ማውራት ማለት ሆኖ ቀርቷል። እና አንድ ልጅ «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ነው የምማረው» ሲል ቤተሰብ ቢደነግጥ አይገርምም፣ ጆሯቸው ውስጥ የሚገባው «አራት አመት ሙሉ ነገር ማወሳሰብ ልማር ነው» የሚል ነዋ።

ጉዳዩ ደሞ አሁን አሁን በየቦታው ይነሳል። ኮድ የሚጽፍና ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ሰራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ከመጣ ወዲህ የቱ ዲግሪ ያዋጣል የሚለው ጥያቄ ተማሪውንም ወላጁንም እንቅልፍ ነስቷል። በዚህ ክርክር መሃል ፍልስፍና ሁለት ተቃራኒ ስም ይሰጠዋል፣ አንዱ ወገን የማይረባ ዲግሪ ምሳሌ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው፣ ሌላው ደሞ ከእንግዲህ የሚፈለገው ፈላስፋ ነው ይላል። ሁለቱም ግን ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሰራ አይነግሩንም። ያ ካልታወቀ ይጠቅማል አይጠቅምም ማለት ስለማይቻል ከዛ እንጀምር።

ፍልስፍና ክፍል ውስጥ ምንድነው የሚሰሩት?

ብዙ ሰው የሚመስለው የሶቅራጥስን፣ የፕሌቶን፣ የአርስቶትልን አባባል መሸምደድ ነው። የድሮዎቹ ይነበባሉ፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን የሚነበቡት ለጥቅስ አይደለም። ዋናው ስራ ሙግት መመርመር ነው። ሙግት ስል ጭቅጭቅ ማለቴ አይደለም። አንድ መደምደሚያ አለ፣ እሱን ይደግፋሉ የተባሉ ምክንያቶች አሉ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ ሙግት ይባላሉ። ተማሪው የሚሰለጥነው ሁለት ጥያቄ ለያይቶ በመጠየቅ ነው፣ አንደኛ ምክንያቶቹ እውነት ናቸው ወይ፣ ሁለተኛ እውነት ናቸው ብንል እንኳን መደምደሚያውን መሸከም ይችላሉ ወይ።

ይሄ ሲሰሙት ቀላል ነው። «ሐኪም ሁሉ ተምሯል፣ እሷም ተምራለች፣ ስለዚህ ሐኪም ናት» ብላችሁ ማንም ይስቅባችኋል፣ የተማረ ሁሉ ሐኪም አይደለማ። አሁን ይሄን እዩት፣ «ጥፋተኛ ሰው ሲጠየቅ ይደነግጣል፣ ይሄ ሰውዬ ሲጠየቅ ደነገጠ፣ ስለዚህ ጥፋተኛ ነው»። ይሄኛው አያስቅም፣ እንዲያውም ያሳምናል፣ በዚህ አይነት አስተሳሰብ ሰው ይጠረጠራል፣ ይባረራል፣ ይታሰራል። ቅርጹ ግን ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፣ ስህተቱም አንድ ነው፣ ምክንያቱም ንጹህ ሰውም ሲጠየቅ ይደነግጣል። ሎጂክ የሚባለው ትምህርት እንደ ራጅ ነው፣ ልብሱንና ቆዳውን ትቶ አጥንቱን ያሳያል፣ እና አንዴ አጥንቱን ማየት የለመደ ሰው ልብሱ ቢያምርም ስብራቱ አያመልጠውም።

ከሎጂክ ሌላ ትልልቆቹ ቅርንጫፎች ጥቂት ናቸው። ሥነ ምግባር፣ ማለትም ትክክልና ስህተት የሆነ ድርጊት ምኑ ነው ትክክል ወይ ስህተት የሚያደርገው የሚለው። ሜታፊዚክስ፣ ያለው ነገር በመሰረቱ ምንድነው የሚለው፣ ጊዜ፣ ነጻ ፈቃድ፣ አእምሮ እና አካል የመሳሰሉት እዚህ ይገባሉ። የፖለቲካ ፍልስፍና አለ፣ አንድ መንግስት ሰውን የማዘዝ መብት ከየት አገኘ ብሎ የሚጠይቀው። ሌላኛው ኢፒስቲሞሎጂ ይባላል፣ ስሙ ከባድ ነው እንጂ ጥያቄው አጭር ነው፣ አንድን ነገር «አውቃለሁ» ለማለት ምን ምን ማሟላት አለብኝ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የትምህርቱ ጣዕም እዚህ ጋ ይታያል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰአት አይታችሁ ዘጠኝ ሰአት ነው አላችሁ። በእርግጥም ዘጠኝ ሰአት ነው። ግን ሰአቱ ትናንት ዘጠኝ ሰአት ላይ ባትሪ ጨርሶ ቆሟል፣ እናንተ በአጋጣሚ በዛች ደቂቃ ነው ያያችሁት። ታዲያ ሰአቱን አውቃችኋል ወይስ አላወቃችሁም? ያመናችሁት ነገር እውነት ነው፣ ለማመን በቂ ምክንያትም ነበራችሁ፣ ሰአት እያዩ ሰአት መናገር ያለ ነው። ብዙዎች ለረጅም ጊዜ እውቀት ማለት እውነት የሆነ፣ ምክንያት ያለው እምነት ነው ብለው ያስቡ ነበር፣ እና በ1963 (እዚህ የማነሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኤድመንድ ጌቲየር የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ እንደዚህ ዓይነት ምሳሌዎች ይዞ በ3 ገጽ ጽሑፍ ያንን ትርጉም አፈረሰው። ሶስት ገጽ ብቻ። እስከዛሬ መልስ እየተሰጠው ነው፣ ሁሉንም ያስማማ ግን የለም። ይሄን ሲሰማ «እና ምን ይጠበስ?» የሚል ሰው ይኖራል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ይሄን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ጥቅሙ ለምን አይታይም?

አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ፍልስፍና ልጆቿን ሁሉ ድራ ያስወጣች እናት ናት፣ ቤቷ ስትሄዱ የምታገኙት ገና ያልተዳሩትን ብቻ ነው። አንድ ጥያቄ በልኬትና በሙከራ መመለስ ሲጀምር ስሙ ተቀይሮ የራሱን ጎጆ ይወጣል፣ ከዛ በኋላ ፍልስፍና ነው ብሎ የሚጠራው የለም። ኒውተን በ1687 የእንቅስቃሴና የስበት ሕጎቹን ያወጣበት ስራ በርዕሱ ላይ «የተፈጥሮ ፍልስፍና» የሚል ነበረው፣ ዛሬ ፊዚክስ የምንለውን ማለቱ ነው። የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሞራል ፍልስፍና ፕሮፌሰር ነበር። ሳይኮሎጂም ራሱን ችሎ የወጣው ቪልሄልም ቩንት በ1879 ላይፕሲግ ላይ ላብራቶሪ ከከፈተ በኋላ ነው ይባላል። በነገራችን ላይ ኬሚስትሪም ባዮሎጂም ተምሮ ፒኤችዲ የያዘ ሰው ማዕረጉ ላይ ያለችው «ፒኤች» ፍልስፍና ማለት ናት፣ ብዙ ሰው ልብ አይላትም።

ከሁሉ ግን የሎጂክ ታሪክ ይበልጥብኛል። ጆርጅ ቡል የሚባል እንግሊዛዊ በ1854 የሰው ልጅ አስተሳሰብ ሕግ ምንድነው ብሎ ተነሳና «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉትን ቃላት እንደ ሂሳብ በ1 እና በ0 ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ለብዙ አስርት አመታት ይሄ ነገር ለሎጂክ ሰዎችና ለሂሳብ ሊቃውንት ካልሆነ ለማንም ምንም አልነበረም። ከዛ ክሎድ ሻነን የሚባል ወጣት ኢንጂነሪንግና ሂሳብ እየተማረ ሳለ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በወሰደው አንድ የፍልስፍና ኮርስ ላይ የቡልን ሎጂክ ተማረ። በኋላ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ያሉበት ማሽን ላይ ሲሰራ ነገሩ ብልጭ አለለት፣ የበራ 1 ነው፣ የጠፋ 0 ነው፣ ተከታትለው የተገጠሙ ሁለት ማብሪያዎች «እና» ናቸው፣ ጎን ለጎን የተገጠሙ «ወይም» ናቸው። በ1937 የማስተርስ ጽሑፉን በዚህ ላይ አቀረበ፣ አሁን ይሄን የምታነቡበት ስልክ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ሁሉ የሚሰራው በዛ ሐሳብ ነው። ከቡል እስከ ሻነን 83 አመት ነው። በእነዛ 83 አመታት መሃል ቆሞ «ይሄ ሎጂክ የምትሉት ምን ይሰራል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ማንም የሚያሳየው ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብኝ፣ ምክንያቱም ብዙ የፍልስፍና ወዳጆች እዚህ ጋ ይንሸራተታሉ። ይሄ ታሪክ የሚያሳየው ፍልስፍና ለአለም መጥቀሙን ነው። አንድ ተማሪ አራት አመት ቢያጠፋበት ለሱ ይጠቅመዋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም።

እሺ፣ ተማሪውንስ ምን ያደርገዋል?

በዚህ ላይ ቁጥር አለ፣ አብዛኛው ከአሜሪካ የመጣ። እዛ ማስተርስና ከዛ በላይ ለመማር ጂአርኢ የሚባል ፈተና አለ፣ ለሕግ ትምህርት ደሞ ኤልሳት የሚባል። ፍልስፍና ያጠኑ ተፈታኞች በጂአርኢ የቋንቋና የትንተና ጽሑፍ ክፍል ለብዙ አመታት በአማካይ ከፊት ናቸው፣ በኤልሳትም ከላይኞቹ ተርታ ናቸው። ዲፓርትመንቶች ተማሪ ለመሳብ ይሄን ነው የሚለጥፉት።

ግን ራጁን እናንሳው። ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ረጃጅም ናቸው፣ ያ ማለት ቅርጫት ኳስ ያስረዝማል ማለት ነው? አይደለም፣ ረጃጅሞቹ ናቸው ወደ ጨዋታው የሚሄዱት። ፍልስፍናስ እንደዛ ቢሆንስ? ድሮም ማንበብ የሚወዱ፣ ድሮም ነገር መተንተን የሚችሉ ልጆች ቢሆኑስ የሚመርጡት? ይሄ ተገቢ ጥርጣሬ ነው፣ ለረጅም ጊዜም በደንብ የመለሰው አልነበረም። በ2025 የታተመ አንድ ጥናት ይሄን ለመለየት ሞክሯል፣ ከ600 ሺህ በላይ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎችን መረጃ ወስዶ ሲገቡ የነበራቸውን ውጤትና የአስተሳሰብ ልማድ ከግምት አስገብቶ ሲመረቁ ካላቸው ጋር አነጻጸረ። የተገኘው ሁለቱም ነው። አዎ፣ ፍልስፍና የሚመርጡት ሲገቡም ጠንከር ያሉ ናቸው፣ ግን ያ ተቀንሶም ትምህርቱ የሚጨምረው ነገር አለ፣ በጂአርኢ የቋንቋ ክፍልም በኤልሳትም፣ እንዲሁም ማስረጃ መፈለግና የተለየ ሐሳብ መስማት በመሳሰሉ ልማዶች። አማካይ ነው እንግዲህ፣ ገብቶ የተማረ ሁሉ ይለወጣል ማለት አይደለም።

የሚጨምረው በምን መንገድ ነው ለሚለው ከራሴ ላምጣ። የመጀመሪያ ጽሑፌን ሳስረክብ ስለ ነጻነት ነበር የጻፍኩት፣ ስድስት ገጽ ሙሉ፣ በጣም ያማረ የመሰለኝ። ሲመለስልኝ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ አንድ ነገር ብቻ ተደጋግሞ ተጽፏል፣ «ምን ማለትህ ነው?»። ነጻነት ያልኩበት ቦታ ሁሉ። አንዱ ጋ ማንም አይከለክለኝም ማለቴ ነበር፣ ሌላው ጋ የፈለግኩትን ማድረግ የሚያስችል አቅም አለኝ ማለቴ ነበር፣ ሌላው ጋ ደሞ ራሴን መግዛት እችላለሁ ማለቴ ነበር፣ እና ሶስቱን በአንድ ቃል ጠቅልዬ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለልኩ መደምደሚያ ላይ ደርሼ ነበር። ማንም የማይከለክለው ግን ደሞ ምንም ማድረግ የማይችል ሰው አለ፣ አይደል? ያ ጽሑፍ ሶስቴ ተመላልሶ ሁለት ገጽ ሆነ። ከዛ ወዲህ የራሴን ጽሑፍ ሳነብ ያቺ የእርሳስ ጥያቄ አትለየኝም።

ሌላው የሚለመደው የተቃዋሚን ሐሳብ በጠንካራ መልኩ ማቅረብ ነው። የማትስማሙበትን ሰው አቋም ራሱ ሰውዬው አንብቦ «አዎ፣ ልክ እንደዚህ ነው ያልኩት» በሚልበት ደረጃ ካልጻፋችሁ መልሳችሁ አይቆጠርም። ይሄ በጣም ያማል። የምትጠሉትን ሐሳብ አስውባችሁ ስትጽፉ አንዳንዴ ያሸንፋችኋል።

ይሄ ከእውነተኛው አለም ጋር ምን አገናኘው?

አንድ ጉዳይ በደንብ ልዘርዝር። አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤቶች የታሰረ ሰው ቢለቀቅ እንደገና ወንጀል ይሰራል ወይ የሚለውን የሚገምት ኮምፓስ የሚባል ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ይሰጣል። በ2016 ፕሮፐብሊካ የሚባል የምርመራ ጋዜጠኝነት ድርጅት ፍሎሪዳ ውስጥ የአንድ ካውንቲ (አውራጃ) ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን ነጥብ መረመረና ሶፍትዌሩ በጥቁሮች ላይ ያዳላል አለ። ማስረጃው ይሄ ነው፣ ከተለቀቁ በኋላ ወንጀል ካልሰሩት መሃል በስህተት አደገኛ ተብለው የነበሩት ከጥቁሮቹ 45 በመቶ ያህል፣ ከነጮቹ 23 በመቶ ያህል ናቸው። እጥፍ ማለት ነው። የሶፍትዌሩ ባለቤት ኩባንያ ደሞ አላዳላንም ብሎ መለሰ፣ ማስረጃውም ይሄ ነው፣ አንድ አይነት ነጥብ ያገኙ ሰዎችን ብትወስዱ፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ እንደገና ወንጀል የሚሰሩት በተቀራራቢ መጠን ነው፣ ስለዚህ ነጥቡ ለሁሉም እኩል ትርጉም አለው።

ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው። ከዛ የሂሳብ ሰዎች ገቡበትና የሚያስገርም ነገር አሳዩ፣ እንደገና የመያዝ መጠኑ በሁለቱ ቡድኖች መሃል እኩል ካልሆነ፣ ትንበያውም ፍጹም ካልሆነ፣ ሁለቱን አይነት እኩልነት አንድ ላይ ማሟላት አይቻልም። ሶፍትዌሩን ስላሻሻላችሁት፣ ዳታ ስለጨመራችሁ፣ ጎበዝ ኢንጂነር ስለቀጠራችሁ የሚፈታ አይደለም። አንዱን መምረጥ ግድ ነው፣ እና የቱን እንምረጥ የሚለው የሂሳብ ጥያቄ አይደለም፣ «ፍትሐዊ ስትል ምን ማለትህ ነው?» የሚለው ያው የእርሳስ ጥያቄ ነው። ንጹህ ሰው በስህተት እንዳይጎዳ ማድረግ ነው ወይስ ነጥቡ ለሁሉም አንድ ማለት መሆኑ? ለዚህ መልስ ሊሰጥ የሚቀመጥ ሰው ጥያቄው መኖሩን እንኳን ካላወቀ ኮዱ ውስጥ ሳያስበው አንዱን መርጦ ይወጣል፣ የሰው እድሜም በሱ ይወሰናል።

ከኮምፒውተር በፊትም እንዲሁ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲያትል በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የኩላሊት እጥበት ሲጀመር ማሽኑ ለጥቂት ሰው ብቻ ነበር የሚደርሰው፣ ስለዚህ ማን ይኑር የሚለውን የሚወስን ከተራ ዜጎች የተውጣጣ 7 ሰው ያለው ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1962 አንድ መጽሔት አሰራራቸውን ሲያወጣ ሕዝቡ ደነገጠ፣ ሰውዬው ስራ አለው ወይ፣ ስንት ልጅ አለው፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ወይ የሚሉ ነገሮች ሁሉ ታይተዋል። የኮሚቴው አባላት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ የሚመዝኑበት መርህ ነው ያልነበራቸው። እዛው አሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ ታስኪጊ ውስጥ ደሞ ከ1932 እስከ 1972 የጤና ባለስልጣናት ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳን ሳያክሙ በሽታው ምን እንደሚያደርግ ሲከታተሉ ኖሩ። ያ ሲጋለጥ የተቋቋመው ኮሚሽን በ1979 ቤልሞንት የሚባለውን ሪፖርት አወጣ፣ በማርቀቁ ላይ ቶም ቢቻምፕ የሚባል ፈላስፋ ነበረበት። ሰውን ማክበር፣ መልካም ማድረግና ጉዳት መቀነስ፣ ፍትህ የሚሉት ሶስት መርሆች ከዛ ነው የመጡት፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የሕክምና ጥናት ላይ ከመሳተፉ በፊት ተነግሮት ፈቅዶ የሚፈርምበት አሰራርም በነሱ ላይ የቆመ ነው።

መልስ የሌለው ነገር ላይ መድከም አይደለም ወይ?

ወደ ቆመው ሰአት እንመለስ። የመጨረሻ መልስ ባይገኝም የተሳሳቱ መልሶች ተለይተው ይወጣሉ፣ ይሄ ራሱ ቀላል አይደለም። «ውጤቱ ልክ ስለሆነ አሰራሩም ልክ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በቆመው ሰአት ምሳሌ ይወድቃል፣ እና እሱ አስተሳሰብ ስንት መስሪያ ቤት ውስጥ እንዳለ አስቡት።

አንስታይን ደሞ አለ። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዴቪድ ሂዩምን ያነብ ነበር፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊ ፈላስፋ ነው፣ አንድ ሐሳብ ከየትኛው ልምድ እንደመጣ ካላሳያችሁኝ አልቀበልም የሚል ሰው። በ1905 አንስታይን የጠየቀው ጥያቄ ያንኑ ይመስላል፣ ሁለት ነገሮች «በአንድ ጊዜ ሆኑ» ስንል ምን ማለታችን ነው, በምን ለክተን ነው ያወቅነው? ሁሉም የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነበር። ሲመረመር ግን የአንዱ «በአንድ ጊዜ» ለሌላው «በአንድ ጊዜ» ላይሆን እንደሚችል ተገኘ፣ ሪላቲቪቲ የሚባለው የፊዚክስ ንድፈ ሐሳቡ ከዛ ወጣ። እሱ ራሱ በ1915 በጻፈው ደብዳቤ ሂዩምን ማንበቡ እንደረዳው ተናግሯል። ፈተናና ሙከራ የሚያስፈልገው የፊዚክስ ስራ ሌላ ነው፣ እኔ ያን አላሳንስም፣ በሩን የከፈተችው ግን ቃል ላይ የተነሳች ጥያቄ ናት።

እምነት አያጠፋም?

ይሄን ብዙ ወላጅ ይጠይቃል። አውግስጢኖስ፣ ቶማስ አኳይነስ፣ ኢብን ሲና፣ ማይሞኒደስ፣ እነዚህ ሁሉ ፈላስፎችም አማኞችም ነበሩ፣ የማያምኑ ፈላስፎችም ብዙ አሉ። ክፍሉ ውስጥ ፈጣሪ አለ የሚለውም የለም የሚለውም ሙግት እኩል ይፈተሻል። እምነቱን ይዞ የሚወጣ አለ፣ ጥሎ የሚወጣ አለ፣ ያልነበረውን ይዞ የሚወጣም አለ። አልነካካም ያለ ሰው ግን ባይመርጠው ይሻለዋል፣ ምክንያቱም ይነካካል።

ስራስ? ገንዘቡስ?

ወቀሳው አዲስ አይደለም። አርስቶትል የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ፣ ታሌስ የሚባለውን ፈላስፋ ፍልስፍናህ ደሃ ከማድረግ ምን ጠቀመህ እያሉ ሲሰድቡት፣ እሱ ኮከብ ቆጥሮ የሚመጣው አመት የወይራ ምርት እንደሚበዛ አወቀና በክረምት ማንም ሳይፈልጋቸው መጭመቂያዎቹን ሁሉ በርካሽ ተከራያቸው፣ ምርቱ ሲደርስ በፈለገው ዋጋ አከራየ። ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ሰው ነው። ዛሬም ቢሊየነሩ ጆርጅ ሶሮስ ፍልስፍና ነው የተማረው፣ ስላክ የሚባለውን የመስሪያ ቤት መልእክት መለዋወጫ የመሰረተው ስቱዋርት በተርፊልድም ፍልስፍና ነው የተማረው እየተባለ ይደረደራል። እውነት ነው፣ ተምረዋል፣ ግን ሀብታም የሆኑትን ብቻ ለቅሞ መቁጠር ማስረጃ አይሆንም።

በ2015 ማርኮ ሩቢዮ የሚባለው አሜሪካዊ ፖለቲከኛ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር «ብዙ በያጅ፣ ጥቂት ፈላስፋ ነው የሚያስፈልገን» አለ፣ በያጅ ከፈላስፋ የተሻለ ይከፈለዋል ብሎም ጨመረ፣ ጭብጨባ አገኘበት። ከሶስት አመት በኋላ ራሱ ስቶይኮች የሚባሉትን የጥንት የግሪክና የሮም ፈላስፎች ማንበብ መጀመሩንና ሐሳቡን መቀየሩን ጻፈ። ቁጥሩስ ምን ይላል ካላችሁ፣ የኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ በ2023 መረጃ ላይ ተመስርቶ ያወጣው ሰንጠረዥ ላይ አዲስ ተመራቂዎች መሃል ስራ አጥ የሆኑት በፍልስፍና 3.2 በመቶ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ 6.1 በመቶ ነበሩ። ይሄ ቁጥር በየቦታው ተሰራጭቶ «ፍልስፍና አሸነፈ» ተባለ። አላሸነፈም። እዛው ሰንጠረዥ ላይ ዲግሪ የማይጠይቅ ስራ ላይ ያሉትን ብታዩ ከፍልስፍና ተመራቂዎች ከ10 ሰው 4 ያህሉ ናቸው፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ከዛ በብዙ ያነሰ ነው፣ የመነሻ ደሞዙም የኮምፒውተሩ ይበልጣል። ስራ አለው ማለት የተማረበትን ስራ አለው ማለት አይደለም፣ እዚህም «ስራ» ስትል ምን ማለትህ ነው።

እውነቱን ለመናገር «ፈላስፋ ይፈለጋል» የሚል የስራ ማስታወቂያ የለም፣ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ካልሆነ፣ እሱም ቦታው ጠባብ ነው፣ ፒኤችዲ ይዘው ቋሚ ቦታ የሚያጡ ብዙ ናቸው። ተመራቂው የሚሄደው ወደ ሕግ፣ ጋዜጠኝነት፣ የመንግስት ስራ፣ ቢዝነስ፣ ቴክኖሎጂ ነው፣ ለያንዳንዱ ደሞ ተጨማሪ ነገር መማር አለበት። ሜዲሲን ወይ ኢንጂነሪንግ በቀጥታ መንገድ ያለው ትምህርት ነው፣ ፍልስፍና ጫማ ነው የሚሰጣችሁ፣ መንገዱን ራሳችሁ መፈለግ አለባችሁ። ቤተሰብ የሚጠብቀው ልጅ፣ ተመርቆ ወዲያው ማገዝ ያለበት ልጅ ይሄን በደንብ አስልቶ ነው መግባት ያለበት፣ እና ይሄን ማስላት ፈሪነት አይደለም። ለብዙ ሰው የተሻለው ከሌላ ትምህርት ጋር ማጣመር ነው፣ ኦክስፎርድ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፍልስፍናን ከፖለቲካና ከኢኮኖሚክስ ጋር አንድ ዲግሪ አድርጎ ይሰጣል። ካልሆነም እንደ ሻነን ከሌላ ትምህርት ጎን አንድ ኮርስ መውሰድ አለ።

ኤአይ ድርሰቱን ከጻፈውስ?

ድርሰቱን ይጽፈዋል። ግን የመጀመሪያው ስድስት ገጼ ሁለት ገጽ ሲሆን የተማርኩት ነገር ሁለቱ ገጾች ውስጥ አልነበረም፣ ሶስቴ ስመላለስ ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነው ነበር። ማሽን ጽፎልኝ ቢሆን ኖሮ ገጾቹ ይኖሩኝ ነበር፣ ያ አይኖረኝም ነበር። አሁን ደሞ በቀን አስር ጊዜ አሳማኝ የሚመስል ጽሑፍ ማሽን ያቀርብልናል፣ ምክንያቱ መደምደሚያውን ይሸከማል ወይ ብሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ልሞክረው ብል ከየት ልጀምር?

ምርጫ ካላችሁ መጀመሪያ ሎጂክ ውሰዱ፣ የፍልስፍና ታሪክን ከሱ በኋላ። ከመመዝገባችሁ በፊት ደሞ ከፊታችሁ የወሰዱ ተማሪዎችን አንድ ነገር ጠይቁ፣ ጽሑፍ ያጽፋል ወይ፣ አንብቦስ አስተያየት ጽፎበት ይመልሳል ወይ። ሌክቸር ሰጥቶ በምርጫ ጥያቄ ፈትኖ የሚጨርስ ኮርስ ስሙ ፍልስፍና ቢሆንም እስካሁን ያወራሁትን አይሰጣችሁም። ተማሪ የበዛበት ክፍል ከሆነና አስተማሪው ሁሉንም ማንበብ የማይችል ከሆነ ሁለት ሶስት ሆናችሁ እርስ በርስ ጽሑፋችሁን ተቀያየሩ፣ ያልገባችሁ ቃል ባለበት ቦታ ሁሉ ዳሩ ላይ በእርሳስ «ምን ማለትህ ነው?» ወይም «ምን ማለትሽ ነው?» ብላችሁ ጻፉ።